አባዬ በጾም ቀን ውሃ የጠጣ ጊዜ

እምዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እዚህ አገር ዝናቡ የሚጥለው እኛ በጋ በምንለው ወራት ስለሆነ ዘመን ስቆጥር አሁንም ይምታታብኛል። ብቻ ሱዳን ካምፕ ውስጥ አሸዋ አልብሰንሽ ከተለየንሽ ሁለት ዓመት አልፎናል።

የምጽፍልሽ ከአፉላ ነው። ስሟን ሰምተሽ አታውቂም፤ እኛም አናውቃትም ነበር። መንገድ ላይ ሳለን የምናወራው ስለ ኢየሩሳሌም ብቻ ነበር፤ አውቶቡሱ ግን ሰፊ ሜዳ መሀል ያለች ትንሽ ከተማ አወረደን። አባዬ በመጀመሪያው ቀን ጎንበስ ብሎ እንደ አገራችን የጠቆረውን አፈር ዘገነና «ደምቢያ ተከትሎን መጣ እንዴ?» አለ። ካንቺ በኋላ መጀመሪያ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቤታችን ፎቅ ላይ ነው። ትንሿ ልጅሽ ብርቄ ዕብራይስጡን ከሁላችንም ቀድማ ለቀመችው። አባዬ ወንዱን አለቃውን «አንቺ» እያለ መጥራቱን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ ከዚያ እንደ አስተማሪ ቁጭ አድርጋ ታርመዋለች። እሱም ይታረማል። ይህን ብታዪ አታምኚም ነበር።

አባዬ ፋብሪካዎቹ ባሉበት ሰፈር ብረት ሥራ ገባ። አገር ቤት ማረሻቸውን የሚሠራላቸው ሰዎች «ቡዳ ነው» እያሉ ሲበሉ እንዳያያቸው ፊታቸውን ያዞሩበት አልነበር? እዚህ ምሳ ሲደርስ የሥራ ጓደኞቹ ስሙን ጠርተው ከጎናቸው ያስቀምጡታል። መጀመሪያ የጠሩት ዕለት ቤት ገብቶ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነገረኝ። የዚህን ትርጉም አንቺ ነበርሽ የምታውቂው።

እኔን ደግሞ የምታውቂኝ አብዮተኛ ሆኜ ነው። መሬት ለአራሹ ሲባል አባዬ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን መሬት ሲረግጥ ስላየሁ ነበር ያመንኩት። ጎንደር ሕክምና ስማር በውይይት ክበቡ ተነሥቼ ስናገር አፌ አይያዝም ነበር። ለዕረፍት መንደር ስመጣ ሃይማኖት ያለፈ ነገር ነው እለዋለሁ፤ አባዬ «ተማሪ ቤት ልጄን ወሰደብኝ» ይላል፤ አንቺ መሀላችን ሆነሽ «ሁለታችሁም ዝም በሉና ብሉ» ትይናለሽ። ቆይቶ ግን ክበቡ ውስጥ «ጓድ» ይሉኝ የነበሩት ራሳቸው፣ ዞር ስል «ፈላሻው» እንደሚሉኝ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ መናገሩ አላምረኝ አለ።

አንድ ጊዜ ልትጠይቂኝ ጎንደር ስትመጪ ነጭ ካፖርት ለብሼ ብታዪኝ «ሙሽራ መሰልክ!» ብለሽ በሐኪሞቹ ፊት እልል አልሽ። ያኔ አፍሬ ነበር። አሁን ግን ብቻዬን ስሆን ትዝ ይለኝና እስቃለሁ።

ካምፕ ውስጥ የያዘሽን በሽታ አውቄው ነበር፣ እምዬ። መድኃኒቱንም አውቀው ነበር። መድኃኒቱ ግን አልነበረም። ማወቄ አንቺን ካላዳነ ምን ይሠራልኛል አልኩ። አፉላ ገብተን ትምህርቱን ትቀጥላለህ ወይ ሲሉኝ ትቼዋለሁ ብዬ መጋዘን ገባሁ፤ ካርቶን ተሸካሚ ሆንኩ።

አምና መስከረም ላይ የአገሩ የሃይማኖት ሹማምንት አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል፣ ማግባት ከፈለጋችሁ ውሃ ውስጥ ተነክራችሁ እንደገና ግቡበት አሉን። አባዬ «እዚያ አይሁድ ነህ ተብዬ ተጠላሁ፤ እዚህ አይደለህም ካሉኝ ታዲያ ማን ነኝ?» አለና ነጠላውንና ዣንጥላውን ይዞ ተነሣ። ሕዝባችን ከየከተማው ወደ ኢየሩሳሌም ይጎርፍ ነበር። አባዬን ብቻውን ላለመስደድ ተከተልኩት። አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ ሻንጣቸውን ተንተርሰው የተኙ ወታደሮች ቀና ብለው ሽማግሌዎቻችንን በመገረም ያዩ ነበር።

ኢየሩሳሌም ስንደርስ ከሹማምንቱ ቢሮ ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ ተቀመጥን። ጎንደር ሰልፍ የምንወጣው ተጠርተን ነበር፤ መፈክሩም ተጽፎ ይሰጠናል። እነዚህን ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌዎች ግን ማንም አልጠራቸውም፤ የሚሉትንም ማንም አልጻፈላቸውም። ፖሊሶች አጠገባችን ቆመዋል፤ አልተኮሱም። ክበብ ውስጥ ስለ ሕዝብ ስንት አውርቼ፣ ሕዝብ ማለት ምን እንደሆነ ያየሁት እዚያ ነው።

በአስተሰርዮ ዕለት፣ ኃጢአት በሚሰረይበት ቀን፣ ሁሉም ውሃ ሳይቀምስ ጾሞ ዋለ። ፀሐዩ ከበረታ በኋላ አባዬ ከተቀመጠበት ዘንበል አለና ወደቀ። አስተኝቼ እግሩን ከፍ አደረግሁ፣ የአንገቱን ቁልፍ ፈታሁ፣ የእጁን የደም ሥር ምት ያዝኩ። ከጣቴ ሥር ቀጥኖ ይሮጣል። እጄ ሥራውን አልረሳም ነበር፤ ልቤ ግን ካምፕ ውስጥ ካንቺ ራስጌ ቆሞ ነበር። ዓይኑን ሲገልጥ ውሃ ወደ ከንፈሩ አስጠጋሁ። በእጁ ገፋው።

«አባዬ ጠጣ፣ ትሞትብኛለህ።»

«ልጄ ሆነህ ከሆነ የምትለምነኝ አልጠጣም» አለ። «ሐኪም ሆነህ ካዘዝከኝ እጠጣለሁ። የቱ ነህ?»

ካርቶን ተሸካሚ ነኝ ልለው ነበር። «ሐኪም ሆኜ ነው ያዘዝኩህ» አልኩ።

ጠጣ። ከጎናችን የነበሩት ቄሳችን አይተውናል፤ እንዳላዩ ሆነው ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩልን። ትንሽ ቆይቶ አባዬ እዚያው እንደተጋደመ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ራሱን ያዞረው ካለ ልጄ ሐኪም ነው!» ማለት ጀመረ። እስኪመሽ ከአንዱ ዣንጥላ ወደ ሌላው ስዞር ዋልኩ።

የሹማምንቱ ነገር በስምምነት አለቀ ተባለ። ልባችን ሙሉ በሙሉ አልሞላም፤ ግን አንገታችንን ደፍተን አልተመለስንም። እኔም በሳምንቱ መጋዘኑን ተሰናብቼ ለፈተና መዘጋጀት ጀመርኩ። ብዙ ተቸገርኩ፣ አለፍኩ። ዘንድሮ ሐይፋ ሕክምና ገብቻለሁ። ጎንደር የተማርኩት ሳይቆጠርልኝ ከአንደኛ ዓመት ነው የጀመርኩት፤ አብረውኝ ያሉት ግን ውትድርና ጨርሰው የመጡ ስለሆኑ እድሜያችን ተቀራራቢ ነው። ለሰንበት አፉላ እመጣለሁ። አባዬ ስለ ሃይማኖት አይከራከረኝም፤ አብሬው ምኩራብ እሄዳለሁ፣ እሱም ምን ያህል እንደማምን አይጠይቀኝም። ተስማምተናል፣ እምዬ። ደህና ነን።

ባለፈው ሰንበት ምኩራብ ውስጥ ለታመመ ጎረቤታችን ሲጸለይ አንድ ነገር ሰማሁ። እዚህ ለበሽተኛ ሲጸለይ የሚጠራው በአባቱ ስም አይደለም፤ በእናቱ ስም ነው። አባዬ ሲነግሩት «ይህስ ደግ ወግ ነው» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ስለዚህ ሐኪም የሆንኩ ቀን፣ እፊቴ የተቀመጠውን በሽተኛ ሁሉ የራሱን ስም ከጠየቅሁ በኋላ የእናቱን ስም እጠይቀዋለሁ። እሱ የእናቱን ሲነግረኝ እኔ ያንቺን በልቤ እጠራለሁ። እስከምሠራበት የመጨረሻ ቀን ድረስ ስምሽ ሳይጠራ የሚውልበት ቀን አይኖርም።

ደሴ፣ የትርንጎ ልጅ