ከመጨረሻው ዘፈን በፊት

ጥፋተኛው ወንድምሽ ዮርገን ነው። ልጄ ማሊን፣ ጌታ ባለሽበት አገር ይጠብቅሽ፤ እኔ ጤናዬ ደህና ነው፣ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም።

ቅዳሜ ያ የምወደው የሮክ ባንድ ሲጫወት እንድናይ ከነልጆቹ ጎተንበርግ ከተማ ስታዲየም ወሰደኝ። በሃምሳ ዓመቴ ፊደል የለየሁት በባንዱ የሙዚቃ ሸክላ ሽፋን ላይ ከታተመው የዘፈን ግጥም እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያንን ዘፈን ሁልጊዜ የሚጫወቱት መጨረሻ ላይ ነው። ሊጀምሩት ሲሉ ዮርገን ክንዴን ያዘኝ።

«እማዬ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ እንውጣ።»

«ይህን ሳልሰማ አልሄድም!»

«ቤት ሸክላው አለሽ አይደል?» ብሎ እየሳቀ ጎተተኝ።

ስልሳ ሺህ ሰው ዘፈኔን ሲዘፍን መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ ከግንቡ ማዶ ሰማሁት። መንገዱም ተዘግቶ ጠበቀን።

ዕድሜሽ ይርዘም ልጄ። ባንዱ ተመልሶ ሲመጣ እባክሽ አንቺ ውሰጂኝ። እኔ ከእንግዲህ የዮርገን መኪና ውስጥ አልገባም።