ጋቢና የሚቀመጥ ሰው

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ጉንፋን ለቀቀህ ወይ? ምግብስ ይዋጥልሃል? እንቅልፍስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን ማለት ልማድ ስለሆነ ደህና ነን ብዬ ልጀምር። ማሙሽ ደህና ነው። ጺሙን አንዠርግጎም ማሙሽ መባሉ እስከ ዛሬ ያናድደዋል፤ ግን ትንሽ ወንድም መሆን ዕድሜ ልክ ነው፣ ምን ይደረግ። እኔም አለሁ፣ እንደምታውቀኝ እየፈራሁ።

ይህን የምጽፍልህ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ጋራዡ ተዘግቶ፣ የአባባ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ፊት ለፊቴ መኪናዋ ቆማለች። የትኛዋ እንዳትለኝ፤ ያቺው ዝቅ ያለችው ቀይ፣ ባለ ሁለት በሯ፣ ከአባባ ጋር የተቆራረጣችሁባት ናት። ኮፈኗ ተከፍቷል። ውስጧ ያለው ግን አንተ የምታውቀው ትንሹ ሞተር አይደለም፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው። አንተ አትደንግጥ፣ እኔ ለሁለታችንም ደንግጫለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ያለፈው ደብዳቤህ ሲደርሰን ጮክ ብሎ ያነበበው ማሙሽ ነበር። ትንሽ አሞኝ ነበር፣ ተሽሎኛል፣ አታስቡ የሚለው ጋ ሲደርስ ማንበቡን ትቶ ወረቀቱን ሰጠኝ። ያ ቀጥ ያለው፣ አስተማሪዎችህ ለሌላው ተማሪ የሚያሳዩት ጽሕፈትህ መስመሩን እየሳተ ወደ ታች ይወርዳል። ጉንፋን እጅ ያንቀጠቅጣል እንዴ ልል ብዬ አፌ ላይ የደረሰውን መለስኩት። ማሙሽ ግን በማግስቱ የመኪናዋን ልባስ ገፈፈና አሮጌውን ሞተር መፍታት ጀመረ።

ምን እያደረግህ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ጋሼ ያለውን ነዋ አለኝ። ከቤት የወጣህ ቀን በሩ ላይ ቆመህ ለአባባ ያልካቸውን ያስታውሳል። ይቺ መኪና ትልቅ ሞተር ገብቶላት፣ ተራራውን ወጥታ ልትወስደኝ ስትመጣ ያን ጊዜ እመለሳለሁ ብለህ ነበር። አንተ በንዴት ተናገርከው፣ አባባም በንዴት ሰሙት፣ እሱ ግን እንደ ቀጠሮ ያዘው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው።

ለመንኩት። አውቶቡስ ምን አለው አልኩት። ደህና መኪና እንከራይ፣ ሰፊ፣ ሰው ጋደም የሚልበት አልኩት። እሱ ግን በአውቶቡስ ብንሄድ ጋሼ ሻይ አጠጥቶ ይሸኘናል አለኝ፤ አባባ ሲያርፉ ሥራ ይዞኛል ብሎ የቀረ ሰው ዛሬ በምን ተለምኖ ይመጣል? በሷ ከሄድን ግን ቃሉን የሚያጥፍበት መንገድ የለውም አለ። አንተን ከእኔ ይልቅ ያውቅሃል።

አሁን እንደ ባለሙያ ይሆናል ወይስ አይሆንም ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ልብ ላለው ሰው አይሆንም። የድሮውን ሞተር አድሶ መንዳት ይቀል ነበር። ይህኛው ከባድ ስለሆነ ሲገባ አፍንጫዋ መሬት ሊስም ደረሰ፤ የፊት ሞላዎቿን መቀየር ግድ ሆነ። የድሮው ካምቢዮ፣ የማርሹ ሳጥን፣ የዚህን ጉልበት ስለማይችል ካምቢዮውም አብሮ መምጣት ነበረበት፤ ለሱ ደግሞ ወለሉ ተቆረጠ። ራዲያተሩ አልበቃ ብሎ የፊት ቆርቆሮዋ ተነሣ። ብየዳውን የሠራልን ያው መነጽሬ ነው። መነጽር አድርጎ ስለማያውቅ መነጽሬ ያልነው ሰውዬ፣ አሁንም አያደርግም፣ አሁንም ያያል። ሻንሲውን አይቶ እንዳትሰነጠቅ ጸልዩ አለንና ሄደ። እንዲህ ያለ አጽናኝ ይስጥህ!

ፍሬኑ የእኔ ሥራ ነው። ትንሽ ሞተር ያላትን ቀላል መኪና ለማቆም የተሠራ ፍሬን ይህን ጉድ አያቆምም፤ ሙሉ በሙሉ አዲስ ገጠምኩ። አስበኝ እንግዲህ፣ ደረጃ ስወርድ ሁለት ጊዜ የምይዘው እኔ፣ ለዚያ ቁልቁለት ፍሬን ስሠራ።

የአባባን ሕግ አልረሳኸውም መቼም። ፍሬን የሠራ ሰው መኪናው መጀመሪያ ሲወጣ ጋቢና ይቀመጣል። ደንበኞች ደግሞ ሠራችሁት ወይ አይሉም ነበር፣ ፈሪዋ ገብታበታለች ወይ ነበር የሚሉት። አባባም ይስቁና የዚህ ጋራዥ ትልቁ መለኪያ፣ ትልቁ ጌጅ የልጄ ሆድ ነው ይሉ ነበር። ሆዴን ቆረጥ ካደረገኝ አንድ ያልጠበቀ ቡሎን አይጠፋም። ስትስቁብኝ ብትኖሩም እኔ ያልገባሁበትን መኪና አንድም ቀን ከዚህ ግቢ አላወጣችሁም።

ማሙሽ ሥራውን ጨርሶ ሕጉን አስታወሰኝ። ጋቢና ካልገባሽ አልሄድም አለኝ። አየህ ጭንቄን? እምቢ ብል ይቀራል፣ እኛም አንተን ሳናይህ እንቆያለን። እሺ ብል ደግሞ በዚያ ገደል የማወርደው ያሳደግኩትን ወንድሜን ነው። ያ የሚመካበት ሆዴ ደግሞ ደብዳቤህ ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀን አላረፈም። ዳቦ ስገዛ እፈራለሁ፣ ልብስ ሳሰጣ እፈራለሁ፣ ስልክ ሲጠራ ሌላ ሰው እስኪያነሣው እጠብቃለሁ። መርፌዋ ቀይ ላይ ተጣብቃ የቀረች ጌጅ ምን ትለካለች?

ትናንት ጠዋት ድንጋይ መፍጫው ያለበትን ዳገት ይዘናት ወጣን። ድምፅዋ ደረቴ ውስጥ ነው የሚጮኸው። ማሙሽ ያፏጫል፣ እኔ የበሩን እጀታ አንቄ ይዣለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለውን በልቤ እየደጋገምኩ ነበር፤ ሌላ የሚደገም ነገር ጠፋኝና። ቁልቁለቱን ስንጀምር ሆዴ ቆረጠኝ። አቁም ብዬ ጮህኩ። ፈርተሽ ነው አለኝ። አቁም ብዬሃለሁ አልኩ። ቆመች፣ ግን ፔዳሉ ከወትሮው ጠልቆ ነው የቆመችው። ከሥሯ ገብቼ ሳይ የፍሬኑ ቱቦ ከጋለው የጭስ ማውጫ፣ ከማርሚታው ጋር ተጣብቆ ሊበስል ደርሷል፤ ዘይቱ ትንሽ ቢቆይ ይፈላ ነበር። ቁልቁለት ላይ የፈላ የፍሬን ዘይት ምን እንደሚያደርግ ለአንተ አልነግርህም።

ያንን ቱቦ በዚያ ያሳለፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ለምን መሰለህ? ግድግዳው ላይ በጠመኔ የሳልከውን፣ ትልቁ ሞተር የገባባትን የመኪናዋን ንድፍ ተከትዬ። አዎ፣ አሁንም አለ። ጋራዡ ቀለም ሲቀባ አባባ ያንን ግድግዳ ተዉት፣ ቀለሙ አይበቃም ብለው ነበር። አንድ ባልዲ ሙሉ ቀለም ተርፎ ጓዳ ውስጥ ደረቀ። እና እኔ ያንተ እጅ የሳለው መስመር ነው ብዬ፣ እንደ ጀማሪ፣ አንዴ እንኳ ሳልለካ ተከተልኩት። አንተ ደግሞ ስምንቱንም ሲሊንደር አሳምረህ ስለህ ጭሱ በየት እንደሚወጣ ረስተሃል! ማርሚታ የሌለው ሞተር። ገና በልጅነትህ መውጫውን አታስብም ነበር።

መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማሙሽ ጎኔ ተቀመጠና ጌጁ ይሠራል ማለት ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ እሱም አላፏጨም። ቱቦውን በሌላ በኩል አሳለፍኩት፤ መነጽሬም ቱቦውን ከማርሚታው ሙቀት የሚከልል ቆርቆሮ በየደልን።

ዛሬ ጠዋት ደግመን ወጣን። ወጣን፣ ወረድን፣ አሁንም ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ ሆዴን አዳመጥኩት፣ ዝም አለ። እጀታውን ለቀቅኩት። የመኪናዋ ጠረን፣ የአባባ የድሮ ወንበር፣ የማሙሽ ክንድ፣ ሁሉም ደህና ነበር። ብታምንም ባታምንም ፍጥነት ጨምር አልኩት።

ግቢ ገብተን ማሙሽ ቁልፉን አጠፋ። ሞተሩ ጸጥ ሲል ያ ፍርሃት ወደ ለቀቀው ቦታ ተመልሶ ተቀመጠብኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ወንድም ጋሼ። እኔ መኪናዋን አይደለም የምፈራው። ደጅህ ደርሰን ስናንኳኳ ሌላ ሰው እንዳይከፍትልን ነው።

ስለዚህ መልሴ ይሆናል የሚል ነው። ሐሙስ ሲነጋ እንነሣለን። ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ እናንተ ጭኖ በሚሄደው ሾፌር እልከዋለሁና ይቀድመናል። መልስ አትጻፍ፣ እጅህን አታድክም። ስንመጣም እቀበላለሁ ብለህ እንዳትነሣ፤ በሩን ብቻ ሳትቆልፈው ቆይ። ከማየትህ በፊት ትሰማናለህ፣ ጎረቤትህም ሁሉ ይሰማናል፣ አስቀድመህ ይቅርታ ጠይቅልን።

መኪናዋ ወደ አንተ ስትመጣ ጋቢና የምቀመጠው እኔ ነኝ። ወደዚህ ስትመለስ ግን ጋቢናው ያንተ ነው። የወንበሩን ስፖንጅ አውጥቼ በአዲስ ለስላሳ ሞልቼዋለሁ፣ ጀርባውም ወደ ኋላ እንዲተኛ አድርጌዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ማሙሽ አልጠየቀኝም። እኔ በአውቶቡስ እከተላችኋለሁ፣ ፈሪ ሰው አውቶቡስ ያምርበታል። እምቢ እንዳትለኝ። የሠራ ሰው ጋቢና ይቀመጣል ነው ሕጉ፣ ይቺን መኪና ደግሞ ግድግዳው ላይ መጀመሪያ የሠራሃት አንተ ነህ። ግድግዳውንም መጥተህ አስተካክለው፤ ማርሚታውን ጨምርበት፣ ጠመኔው እዚያው መስኮቱ ላይ አለ።

ፈጣሪ መንገዳችንን ያቅናልን። ጉልበቱን ይስጥህ፣ እስክንደርስም ይጠብቅህ። እስክንደርስ ብቻ፤ ከዚያ በኋላ እኛ አለን።

ሁልጊዜ የምትፈራልህ
እህትህ