የወሩ ምርጥ ፎቶ

ካራኮል፣ እሑድ፣ ኦክቶበር 13 ቀን 2024

ዓይኔ አይዛዳ፣

ደብዳቤ ሲደርስሽ ክው ብለሽ “ምን ሆኑ?” እንዳትዪ። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታመመም፤ ላሚቱም ደህና ናት። በስልክ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው። ስልክ ላይ እናትሽ ከጎኔ አትጠፋም፤ እኔ አንድ ቃል ስናገር እሷ ሦስት ትጨምርበታለች። የአክስትሽ ልጅ ሐሙስ ወደ ኮሪያ ስለሚበር ይዞልሽ ይመጣል። እናትሽ ደግሞ ደረቅ እርጎ ልካልሻለች። ለፋብሪካ ጓደኞችሽ እንዳታካፍዪ ብላለች፤ ባለፈው ጊዜ ጠጠር መስሏቸው እንደጣሉት ከሰማች ወዲህ እስከ ዛሬ ቂሟን አልረሳችም።

ልትሄጂ ሁለት ሳምንት ሲቀርሽ ነበር ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጠሽ ያ የተራራ ፎቶ ማኅበር ውስጥ ያስመዘገብሽኝ። ጉልበቴ ተራራ እንቢ ካለ ወዲህ ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ስመላለስ አይተሽ አዝነሽልኝ ነው። እናትሽ ሐሳብሽን የደገፈችው ግን ለእኔ አዝና ሳይሆን ለምንጣፉ ነው። የዓለም ተራራ ወጪ ሁሉ እዚያ እንዳለ፣ ፎቶዬን ስለጥፍ ሰዉ ከአንድ እስከ አሥር ነጥብ እንደሚሰጠኝ ነገርሽኝ። እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ተራራ ላይ ሳወጣና ሳወርድ ለኖርኩት ሰውዬ ነጥብ ምኑ ይከብዳል አልኩ።

መጀመሪያ የለጠፍኩት የካን ቴንግሪን ተራራ ነው፤ ፀሐይ ስትገባ ፍም መስሎ የተነሣውን። እሱን ለማንሳት ድንኳን ደጃፍ ላይ ስድስት ሰዓት ቆሜ የግራ ትንሿ ጣቴ ጫፍ ጠቁሮ ቀርቷል። አራት ሰው ነጥብ ሰጠኝ። ከአራቱ አንዱ፣ የስሎቬኒያ ሰው፣ “ትንሽ ያዘነብላል” ብሎ ጻፈ። ተራራው ይሁን እኔ አልገለጸም። በዚያው ቀን አንድ ካናዳዊ ገመድ ላይ ተኝቶ የሚያንኮራፋ ውሻ ለጠፈና ሁለት መቶ አርባ ሰው አሥር አሥር ሰጠው። ፎቶው ውስጥ ተራራ የሚባል ነገር የለም፤ ፈልጌአለሁ።

ብዙም ሳልቆይ የአገሩ ሕግ ገባኝ። ነጥብ እንደ ሠርግ ስጦታ ነው፤ ያልሰጠ አይቀበልም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እናትሽ ላሚቱን እስክታልብ ድረስ ላገኘሁት ሁሉ አሥር ስሰጥ አረፍድ ጀመር። አንድ ጣሊያናዊ የገዛ ጫማውን አንስቶ ለጥፎ ነበር፤ ለሱም አሥር ሰጠሁት። ሰውዬው ተገርሞ ምኑን እንደወደድኩለት ጠየቀኝ። ማሰሪያውን አልኩት። ከዚያ ወዲህ የምለጥፈው ሁሉ ከሱ አሥር ነው። ሌላው ሕግ እንስሳ ነው። የጎረቤታችንን የዙራን ፍየል ለምኜ ወስጄ ኮረብታው ላይ አቆምኳት፤ ባርኔጣዬን በላችና ሠላሳ አንድ ሰው ደስ አለው። ከሁሉ የሚያዋጣው ግን ከፎቶው ሥር ለጥቂት ከሞት ማምለጥሽን መጻፍ ነው።

እንግዲህ ወደ እናትሽ ልምጣ። ስታነቢ ብቻሽን ሁኚ።

ጁን ላይ አንድ ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ ነበርና ከጓሯችን የሚታየውን ጫፍ አነሳሁት። በካሜራው ትንሽዬ ማያ ዓይኔ ያየው ጫፉን ብቻ ነው። ለካ እናትሽ ብርዱ አልፏል ብላ የብርድ ጊዜ ልብሷን ሁሉ አጥባ አስጥታ ኖሯል፤ ለካ ቀዩ ሙታንታዋ ነፋስ ሞልቶት፣ ግራና ቀኝ እግሩን ነፍቶ፣ ልክ ከጫፉ በላይ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። ሳላይ ለጠፍኩት። በማግስቱ ስከፍተው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው! አንድ ጃፓናዊ “ነፃነት ይሰማኛል” ብሎ ጽፏል። አንድ የስኮትላንድ ሰው ደግሞ ነፋስ የሚችል እንዲህ ያለ ድንኳን ዐሥር ዓመት ሙሉ ሲፈልግ እንደኖረ ገልጾ የት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ። የወሩ ምርጥ ፎቶ ተብሎ በማኅበሩ የፊት ገጽ ላይ ወጣ።

ደብቄው ልቀር ነበር። የዙራ ምራት ግን አይታው ኖሮ ገበያ መሐል፣ የአሽላንፉ ሾርባ እየበሉ ሳለ፣ ለእናትሽ በስልኳ ታሳያታለች። እናትሽ ሳህኗን ሳትጨርስ ተነሥታ መጣች። ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም፤ ሾርባዬን ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምታቀርብልኝ። በአራተኛው ቀን ከሻይ በኋላ ምድጃውን እያየች ስንት ሰው እንዳየው ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመረችና፣

“ለሠርጋችን እንኳ የመጣው ሰማንያ ሰው ነው” አለች።

ከዚያ ወዲህ አዲሱ አንሶላ ከፊት፣ አሮጌው ከኋላ ይሰጣል። ለማንም ብላ እንዳልሆነ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

እስከዚህ ያለውን በስልክም ልነግርሽ እችል ነበር።

አንዴ ያሸነፈ ሰው አያርፍም ልጄ። ጁላይና ኦገስት የለጠፍኩትን ዞሮ ያየ የለም። እናትሽን ቀዩን እንደገና አስጪልኝ ብያት ነበር፤ መልሷን አልጽፈውም። ሌሊት እንኳ ከእንቅልፌ ስነቃ የማስበው ምን ብለጥፍ ይሻላል የሚለውን ሆነ። ሴፕቴምበር ሲገባ የድሮ ፊልም ያስቀመጥኩበትን ሣጥን አወጣሁ፤ ታች፣ ከሁሉም ሥር፣ የኤሚል ፎቶ ነበር።

ኤሚል የሚባል ጓደኛ እንደነበረኝና በረዶ እንደናደበት ታውቂያለሽ። ከዚያ በላይ ነግሬሽ አላውቅም፤ አንቺም ፊቴን አይተሽ መጠየቅ ትተሻል። ፎቶው ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል፤ ሻይ የተቀዳበት የፔርሙዝ ክዳን በእጁ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከት ብሎ ይስቃል። ለጠፍኩትና ከሥሩ “ጓደኛዬ ኤሚል፣ ተራራው ሊወስደው ሁለት ሰዓት ሲቀር” ብዬ ጻፍኩ። አልዋሽሽም፤ መጀመሪያ “በዚያው ዕለት” ብዬ ነበር፤ “ሁለት ሰዓት” የበለጠ አንጀት ይበላል ብዬ ለወጥኩት። ምን እንደማደርግ ዐውቅ ነበር።

በሁለት ቀን አምስት መቶ ሠላሳ ስምንት ሰው ነጥብ ሰጠ። አንደኛ ወጣሁ። እናትሽን ጠርቼ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ ተመለከተችውና፣ ጉልሱን ፎቶውን አይታው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጉልሱን የኤሚል ሚስት ናት፤ ገበያው ማዶ ፖም የምትሸጠው። ጉልሱን ኮምፒውተር የላትም አልኳት። እናትሽ ተነሥታ ወጣች።

ከሳምንት በኋላ በማኅበሩ በኩል መልእክት መጣልኝ፤ ካንዲት ቾልፖን ከምትባል ቢሽኬክ ካለች የጥርስ ሐኪም። እንዲህ ይላል፦

“ባይኬ፣ ታላቅ ወንድሜ ብዬ ልጥራዎት። የኤሚል ልጅ ነኝ። ሲሞት ሁለት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ያለው የፓስፖርት ፎቶው ብቻ ነው፤ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ለእናቴ የተነገራት ገመድ ሊያመጣ ተመልሶ ነው የሚል ነው። ገመዱ ለምን ነበር ወደ ኋላ የቀረው?”

ቆሜ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ቁጭ አልኩ።

አይዛዳ፣ ገመድ የሚባል ነገር አልነበረም። ያን ፎቶ ያነሳሁበት ድንጋይ ላይ ካሜራዬን ረስቼው ነው የሄድነው። ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ ትዝ አለኝና ልመለስ ተነሣሁ። ኤሚል “አንተ ቀርፋፋ ነህ፤ እስክትመለስ ይመሻል” ብሎ ሻንጣውን ጥሎልኝ ሮጠ። ተወው ልለው ይገባኝ ነበር፤ ቀትር አልፏል፣ በረዶው ላልቷል፣ ይህን እንኳን እኔ ሕፃን ያውቀዋል። ፊልሙን ግን ፈለግሁት። ዝም አልኩ። የናዳውን ድምፅ ሰማሁት፤ ረጅም ልብስ ሲቀደድ ይመስላል። በሁለተኛው ቀን ስናገኘው ካሜራው ጃኬቱ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ነበር። የፍለጋው አለቃ ለምን እንደተመለሰ ሲጠይቀኝ “ገመድ ሊያመጣ” አልኩ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ ከአፌ ከወጣች በኋላ መዝገብ ላይ ሰፈረች፣ ለቀስተኛው ተቀባበላት፣ ከዚያ ማን ይመልሳት።

የዚያን ዕለት ማታ ለእናትሽ ነገርኳት። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። አዲሱን ባርኔጣዬን ከመስቀያው አውርዳ ጭኔ ላይ አኖረችልኝ።

“ለኔ ነገርከኝ። እኔ ግን ጉልሱን አይደለሁም” አለች።

ለቾልፖን፣ መልሱን ለእናቷም ጭምር በቃሌ እንደምነግራት ጻፍኩላት። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከቢሽኬክ መጣች። ፎቶውን በትልቁ አሳጥቤ ይዤ ሄድኩ። ጉልሱን ግቢ ውስጥ ፖም እየመረጠች ነበር፤ የተመታውን ወዲያ፣ ደህናውን ወዲህ። ቁጭ በል ብትለኝ እንቢ አልኩ፤ ከተቀመጥኩ እንደማልናገር ዐወቅሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሜ ተናገርኩ። ጉልሱን ፖሟን መምረጥ አላቋረጠችም። ስጨርስ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

“ሠላሳ ስድስት ዓመት” አለች፣ “ገበያ ላይ ስታየኝ መንገድ ትሻገራለህ። እኔ ደግሞ ምን በድዬው ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ኖርኩ።”

አንድ ፖም አንሥታ አገላበጠችው።

“ደግሞም ገመድ የተባለውን ያን ጊዜም አላመንኩም። ኤሚል ለገመድ ብሎ የሚመለስ ሰው አልነበረም። ለጓደኛው ካሜራ ነው ብትለኝ ኖሮ ያን ጊዜውኑ አምንህ ነበር።”

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ቶሎ አልመለሰችልኝም፤ ቶሎ ብትመልስልኝም አላምናትም ነበር።

“ዛሬ ገና መስማቴ ነው” አለች በመጨረሻ። “አሁን ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም። ቅዳሜ ቅዳሜ ና። ስለሱ የምታውቀውን ሁሉ ንገረኝ፤ እኛ አብረን የኖርነው አራት ዓመት ብቻ ነው፣ አንተ ከልጅነትህ ታውቀዋለህ። ከዚያ በኋላ አያለሁ።”

ፎቶውን ከማኅበሩ እንደማወጣው ነገርኳት። ቾልፖን በስልኳ ከፍታ አሳየቻት። ጉልሱን መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን ብዙ አየችው፤ ከዚያ ከሥር የተጻፈውን አየች፣ ፊቷም ተለወጠ።

“ፎቶው ይቆይ። ይቺን ጽሑፍ አጥፋት” አለችኝ። ዘንድሮ ካሉኝ ሁሉ ያሳፈረኝ ይህ ነው።

ቀጥላ ከጎኑ ያለው ቁጥር ምን እንደሆነ ጠየቀች። ቾልፖን ነጥብ እንደሆነ፣ ሰዎች ከአንድ እስከ አሥር እንደሚሰጡ፣ አባቷ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ እንዳገኘ አስረዳቻት። ጉልሱን አሰበችና ሁሉም አሥር ከሰጡ አሥር ሊሆን አይገባውም ወይ አለች። ቾልፖን ወደ ታች ወርዳ ፈለገች። አንድ የፖርቱጋል ሰው ስድስት ሰጥቶታል።

“ለኤሚል?” አለች ጉልሱን። ስልኩን ከልጇ እጅ ተቀብላ የሰውዬውን ስም ወደ ዓይኗ አስጠጋች። “ምኑ ጎደለው ብሎ ነው?”

ቾልፖን ሳቀች፤ ጉልሱንም መሳቅ ጀመረች፤ የፖሙን ሣጥን ይዛ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ። እኔ ለመውጣት በሩን ፈልጌ አጣሁት።

አሁን ከፎቶው ሥር “ኤሚል ሻይ ሲጠጣ” የሚል ብቻ አለ። ትናንት ሁለተኛው ቅዳሜ ነበር። በትምህርት ቤት የመምህሩን ፈረስ ሰርቀን ወንዝ የገባንበትን ቀን ነገርኳት፤ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ስወጣ አንድ ከረጢት ፖም ሰጠችኝ፤ እናትሽ ከፍታ ብታየው ከተመታው ነው። ገና ነው ማለት ነው። የሚቀጥለው ሳምንትም እሄዳለሁ።

ይህን የጻፍኩልሽ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ነው። በተራራ ላይ ጀግና ነው እያልሽ ለጓደኞችሽ የምታወሪለት አባትሽ ይህንንም ያደረገ ሰው መሆኑን ዕወቂው። ከዚህ በኋላ ድምፅሽ በስልክ ቢቀዘቅዝብኝ አልፈርድብሽም። ብቻ ደውዪ።

ውልሽ ማርች ላይ እንደሚያልቅ እናትሽ በግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ አልከበበችውም፤ እኔም አላየሁትም። እዚያ ደግሞ ብታድሺው እንደሚሻልሽ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኛ ምንም አንልም። ዘንድሮ የመኝታ ቤትሽን መስኮት አስጠግኛለሁ፤ ነፋስ ስለሚያስገባ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

የሄድሽበት ምድር እግርሽን አያደናቅፈው፤ የምትበዪው እንጀራ ይስማማሽ፤ ክፉ አለቃ አይግጠምሽ፤ በእርጅናችን የሚያስቁን ልጆች ይስጥሽ። ጓንትሽን አድርጊ።

አባትሽ
ቱርጉንቤክ

እናትሽ ደብዳቤውን ሳታነብ ከታች ፈርማለች፤ የጻፍከውን ሁሉ ዐውቀዋለሁ ብላ ነው።

ቡሩል