ለልጅ አይሰገድም

ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሴኡል ብርዱ ጠንክሯል ሲሉ በዜና ሰማሁና አሰብኩሽ። ማሞቂያውን ለመቆጠብ ብለሽ እንዳትታመሚ። እኔ ደህና ነኝ፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጉልበቴ ያማርረኛል እንጂ። እናትሽም ደህና ናት፤ ማለቴ እኔን አታናግረኝም እንጂ ደህና ናት። ምሳ ስታቀርብ የምትናገረው ለውሻው ነው። «ለጌታህ ምግቡ ሊቀዘቅዝ ነው በለው» ትለዋለች። ውሻው ደግሞ ዞሮ ያየኛል። ከመከር በዓሉ ከቹሶክ ወዲህ እንዲህ ሆነን አለን።

የምጽፍልሽ ስልክ አላነሳ ስላልሽ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ግን አይደለም፤ ይህ ከመጀመሪያው ይግባሽ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ትምህርት ቤቱ ልጁን «ምን ይሰማሃል?» ይለዋል፤ «ምን ታውቃለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። ፖለቲከኞቹ በበዓል ሰሞን ገበያ ወርደው ከአሮጊቶች ጋር የሩዝ ቂጣ ሲጎርሱ ፎቶ ይነሳሉ፤ የገዛ አያቶቻቸውን መቃብር ሣር የሚያጭድላቸው ግን ቅጥረኛ ነው። ጎረቤታችን እንኳ ዘንድሮ የሟች አባቱን የመታሰቢያ ገበታ በስልክ አዝዞ በካርቶን አስመጣ። ላስቲኩን ሳይልጥ ሊሰግድለት ምንም አልቀረውም! እንዲህ ያለውን እያየሁ የገዛ ቤቴን ልቅ ልተወው?

አሁን ወደ ነገራችን ልምጣ። የቹሶክ ጠዋት ለሞቱት አያቶችሽ የሚገባውን ሁሉ ገበታው ላይ በገዛ እጄ ደርድሬ ነበር፤ ቀዩን ፍሬ በምሥራቅ፣ ነጩን በምዕራብ። ልብሴን ቀይሬ ብመለስ አንድ ሳህን የጎደሬ ሾርባ ትርፍ አገኘሁ። ያንቺ እጅ መሆኑን ለማወቅ አልቸገረኝም። ለሙታን ገበታ በርበሬ እንደማይቀርብ እያወቅሽ፣ ወንድምሽ ቴሱ እንደሚወደው አድርገሽ ነስንሰሽበታል።

ወንድምሽ ባለፈው ጸደይ ከተለየን ወዲህ የመጀመሪያው ቹሶክ መሆኑን የረሳሁ መሰለሽ? አልረሳሁም። ግን ሳያገባ፣ ወላጆቹን ቀድሞ የሄደ ልጅ ገበታ አይዘረጋለትም። አባት ለልጁ አይሰግድም። ይህን ሕግ እኔ አላወጣሁትም፤ ተቀብዬ ነው የያዝኩት።

ሳህኑን ሳነሳው ስለ ምርጫ ሲጨቃጨቁ የነበሩት ከሱዎን የመጡት አጎትሽና ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ «አባዬ፣ ሙታንም በዕድሜ ተራ ነው እንዴ የሚበሉት?» አልሽኝ። «አዎ፣ በተራ ነው» አልኩሽ። «እንግዲያው ተራው እስኪደርስ ይራባ!» ብለሽ ጮኽሽብኝ። እናትሽ እጅሽን ይዛ ብትለምንሽ «ለአዲስ ዓመቱ ለሶላልም እንዳትጠብቁኝ፤ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልረግጥም» ብለሽ ጫማሽን በቅጡ እንኳ ሳታጠልቂ ወጣሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንጀቴ ተቃጠለ። በሰው ፊት ስለተናገርሽኝ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላየሽም።

ሰግደን ስንጨርስ ሙታኑ በሰላም እንዲበሉ ሁሉም ወጣ። የበዓል ቀን የገበታውን ክፍል በር የማይዘጋ ቤት አለ፤ የእኛ ግን እንደምታውቂው ይዘጋል። የምዘጋው እኔ ነኝና ብቻዬን ወደ ኋላ ቀረሁ። ያን ሾርባ ወደ ማድ ቤት አልመለስኩትም ነበር። የሥርዓቱ መጽሐፍ ስለ ገበታው ብዙ ይላል፤ ከገበታው ሥር ስላለው ወለል ግን አንዳች አይልም። ደጋግሜ ያነበብኩት መጽሐፍ ነውና በዚህ እንዳትከራከሪኝ።

በሩን ዘግቼ ደጅ ቆምኩ። እንደ ሥርዓቱ ሳል ሳል ብዬ እስክከፍት ድረስ የሚጠበቀው ጥቂት ማንኪያ ሩዝ የሚበላበትን ያህል ነው። አጎትሽ «ወንድም ጋሼ፣ ኧረ ሳል ሳል ይበሉ፣ እግሬ ደነዘዘ!» አለ። ልጆቹ ተሳሳቁ። ቆይቶ ደግሞ እናትሽን «ምን ነካቸው?» ብሎ ሲጠይቃት ሰማሁት። እኔ ግን አልሳልኩም። የጎደሬ ሾርባ ቶሎ አይበርድም። ሰው ሁሉ ደግሞ እኩል አይበላም። ትምህርት ቤት ሊረፍድበት፣ እኔ ደጅ ቆሜ እየጮህኩበት እንኳ፣ እያንዳንዷን ጎደሬ እፍ እፍ እያለ የሚበላ ሰው አለ። ያን ቀን ማንንም ላጣድፍ አልፈለግሁም።

እንግዲህ ጉዳዬ ይህ ነው። ምግብ መሬት ላይ ማኖር ነውር መሆኑን ያስተማርኳችሁ እኔው ነኝ። ስለዚህ ለሶላል ስትመጪ ከሴኡል አንዲት ትንሽ ገበታ ገዝተሽ አምጪ። እግሯ አጠር ያለ፣ ለአንድ ሰው የምትበቃ ትሁን። እኔ እዚህ አንዶንግ ገበያ ወጥቼ ብገዛት፣ ነጋዴው ለማን ነው ብሎ ይጠይቀኛል።

በሰው አገር ክፉ አይንካሽ፤ የጀመርሽው ይቃናልሽ። አያቶችሽና ከእነሱ ጋር ያሉት ሁሉ ይጠብቁሽ።

አባትሽ