ምስር የምታክል ፊት

ሐምሌ 2

ሙቀቱ አልቻል አለ። መብራት ሁለቴ ሄደ። ሁለተኛው ሲሄድ ሥራዬን አላስቀመጥኩም ነበር፤ የጠዋቱ ልፋት ገደል ገባ። የአንዲት ሙሽራ ፎቶ ነው። ቬሎዋ ላይ የወጣውን ሻጋታ ነጥብ በነጥብ ለቅሜ ልጨርስ ስል... ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሻጋታው እንዳለ ቁጭ ብሏል። ሳቅኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ዓይኔ ይቆጠቁጠኛል። ሙዝሂር "መነጽርሽን ቀይሪ" ይላል። ወንድሜ ለሁሉም መድኃኒት አያጣም። የመነጽር ነገር እንዳልሆነ እንዴት ልንገረው? በዚህች ከፎቶ ሱቃችን ጀርባ ባለች ጓዳ ተቀምጬ የማላውቃቸውን ሙታን ግንባር ሳጸዳ ዕድሜዬ አለቀ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ግራጫ። ገበያ ስወጣ የቲማቲም ቅላት ያስደነግጠኛል።

ሐምሌ 4

ሓጂያ ዋብሪያ የሚባሉ አሮጊት ከልጃቸው ከሲሃም ጋር መጡ። ሲሃም በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ከቦርሳዋ ፖስታ፣ ከፖስታው ፎቶ አወጣች። ከኢራን ጋር ስንዋጋ የተነሱ ዘጠኝ ወታደሮች፣ ከተምር ዛፍ ሥር። ጠርዙ ተበልቷል። መሐሉ ታጥፎ ተሰንጥቋል። ከግራ ሦስተኛው ልጅ ከሌሎቹ ይበልጥ ደብዝዟል። ከመሳም ብዛት።

"ይሄ ወንድሜ ራዲ ነው" አለች ሲሃም። "ከጦርነቱ አልተመለሰም። ቤታችን በመድፍ ሲመታ የእሱ ፎቶዎች ሁሉ ተቃጠሉ። ይሄን ከጓደኞቹ አንዱ ነው በኋላ የላከልን። ፊቱን ብቻ አውጥተሽ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አድርጊልን።"

ፊቱ ምስር አያክልም።

"ይቻላል ልጄ?" አሉኝ ሓጂያ። "ከአባቱ ፎቶ ጎን ልሰቅለው ነው። ሰውዬው ብቻውን ሰለቸው።"

እሞክራለሁ አልኩ። ለምንድነው ሁልጊዜ እንዲህ የምለው?

ሐምሌ 7

ስካነሩ እስከቻለው ድረስ በትልቁ አነሳሁት። ሳጎላው ሰው የለም። ግራጫ ካሬ ብቻ። ሁለት ጨለማ ጉድጓዶች... ዓይን ናቸው እንበል። ከሥራቸው ጥላ። ጢም ይሁን የዘንባባ ቅጠል ማን ያውቃል? ጨለማውን ትንሽ አፈካሁ፣ ብርሃኑን ትንሽ ቀነስኩ። ባሰበት።

ሙዝሂር ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

"አንቺ፣ እስከ ረመዳን ልትቆይበት ነው? ያ የጎደለ ፊት የሚሞላው አዲሱ ፕሮግራም ምን ሊሠራልሽ ነው የጫንኩት? ተነሺ!"

ተነሳሁለት። አንድ ቁልፍ ነካ። ጥቂት ጠበቅን... ወጣት ብቅ አለ። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ቅንድቡ የተስተካከለ። ዓይኑ ውስጥ የመስኮት ብርሃን አለ። የምን መስኮት? ልጁ ሜዳ ላይ ነው የቆመው!

"ምን ይወጣለታል?" አለ ሙዝሂር ደረቱን ነፍቶ።

"ከየት አመጣው?"

"ከፈለገበት ያምጣ። ፊት አይደል የጠየቁሽ?"

ሐምሌ 10

ሓጂያ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። የእኔን መነጽር ተውሰው አዩት። አራቁት፣ አቀረቡት።

"ማሻአላህ። እንዴት ያለ መልከ መልካም ነው! የማን ልጅ ነው?"

ሲሃም ወደ እኔ ዞረች።

"እማ፣ ራዲ ነው እኮ!" አለች ሲሃም።

"የቱ ራዲ?"

"የኛ ራዲ! ልጅሽ!"

"እኔ ነኝ የወለድኩት፣ አንቺ ነሽ?"

ሲሃም ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። "እርጅና ነው። ስጪኝ በቃ፣ ትለምደዋለች። በየዓርቡ ያቺን ቁራጭ ወረቀት ይዛ ስትንሰቀሰቅ ማየት ደክሞኛል እህቴ።"

ደክሞኛል የምትልን ሴት እምቢ ማለት አልችልበትም። ሰጠኋት።

ሐምሌ 15

ሲሃም ደወለች። ፎቶውን ከአባቷ ጎን ሰቅላው ነበር። ሓጂያ ሻርፕ ጣሉበት። "ባዕድ ወንድ እያየኝ እንዴት ልብሴን ልቀይር?" ብለው። ሳቅኩ፤ ሳልጨርሰው አፈርኩ።

"አንቺው በእጅሽ ሞክሪው" አለችኝ። "እናቴን ላምጣልሽ፣ አጠገብሽ ተቀምጣ ትንገርሽ።"

ሐምሌ 18

ሓጂያ ከጎኔ ተቀመጡ። የደረቀ ሎሚ ሻይ አፈላሁላቸው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እሠራለሁ።

"ቅንድቡስ?"

"ወፍራም።"

አወፈርኩት።

"እንዲህ አይደለም። እንደ አጎቱ ነው።"

"አጎቱ እንዴት ነበሩ?"

"ቀጭን።"

አቀጠንኩት። አፍንጫውንስ አልኩ።  ዞር ስል ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል። ማውሱን የያዘውን እጄን በእጃቸው ሸፈኑት።

"ተዪው ልጄ።"

"ደከመዎት?"

"ለሲሃም እንዳትነግሪያት... ፊቱ ጠፍቶኛል። ድምፁ አለ። ሲስቅ አሁንም እሰማዋለሁ። ፊቱ ግን መቼ እንደሄደ እንጃ። አንድ ቀን ጠዋት ብነሳ የለም።"

 መብራት ሄደ። በጠፋው ስክሪን ላይ ሁለታችን ታየን፣ ጥቁር በጥቁር።

ሐምሌ 19

ለሙዝሂር ሥራውን ልተው ነው አልኩት። "ሙቀቱ ነው" አለኝ።

ሐምሌ 23

ፊቱን ተውኩት። ፎቶውን እንዳለ ማጽዳት ጀመርኩ፣ ዘጠኙንም። አዲስ ነገር አልጨምርም። ከስንጥቁ አጠገብ ያለውን ግራጫ እየቀዳሁ ስንጥቁን መሙላት፣ ጭረት ማንሳት፣ ብጫውን ማውጣት። ስጨርስ የዛፉ ግንድ ተለየ። ቀበቷቸው ተለየ። ከዘጠኙ አንዱ እንኳ በሕይወት ቢኖርስ?

ሲሃምን ጠየቅኳት። "አድርጊው" አለች። ሙዝሂር በሱቁ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፦ ከእነዚህ አንዱን የሚያውቅ ይደውል።

ነሐሴ 1

የደወለ የለም። "አላህ ይማራቸው" የሚል ብዙ። አንዱ የእናቱን ፎቶ ባለ ቀለም እናደርግለት እንደሆነ ይጠይቃል።

ነሐሴ 6

ከዙበይር ከተማ አንድ ሰው ደወለ። "መሐል ላይ ያለው ባለ ትልቅ ጆሮ እኔ ነኝ!" አለ እየጮኸ። ከሰዓት በኋላ ሱቅ ደረሰ። ጋዝባን ይባላል፣ ጡረታ የወጣ የመኪና መካኒክ። ጆሮው ሳይጠይቁት ይመሰክራል። ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ስም ይጠራ ጀመር፣ እንደ አስተማሪ። ከግራ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ "ናዒም፣ የናሲሪያ ከተማው ልጅ" አለ።

"ራዲ አይደለም እንዴ?"

"ኧረ ራዲማ ይሄ ነው!"

ጣቱ ጥግ ላይ አረፈ። ከሁሉም ፊት ቁጢጥ ያለው፣ ለካሜራው የቀረበው። እጁን ወደ ካሜራው ዘርግቶ ፊቱን ከልሎታል። እኔ ራሴ ቀን ሙሉ ሳጸዳው ልብ አላልኩትም።

"ሻይ እያፈላ ነበር። ቆዩ፣ ገና አልተዘጋጀሁም አለ። ፎቶ አንሺው ደግሞ ሳይሰማው አነሳ። ከዚያ ብዙም ሳንቆይ ሌሎቹ ወደ ጦር ግንባሩ፣ ወደ ውሃው ዳር ተላኩ። እኔ ትኩሳት ይዞኝ ቀረሁ።" ጆሮውን አሻሸ። "ፎቶውን ለቤተሰቡ የላክሁትም እኔ ነኝ። ምልክት አላደረግሁበትም። እናት ልጇን ታጣዋለች እንዴ?"

የማን ልጅ ነው ብለው ነበር ሓጂያ። አርጅተዋል አልናቸው። ልክ የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው... ግን እንዴት ነው የሚነገራቸው? ይሄን ሁሉ ዓመት የሌላ እናት ልጅ ሲስሙ ኖሩ ተብሎ?

ነሐሴ 9

እኔ፣ ሙዝሂርና ጋዝባን እነ ሲሃም ቤት ሄድን። 

የነገራቸው ጋዝባን ነው። መሬት ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀምጦ። ሲሃም አፏን በእጇ ያዘች። "አጎቴ ነበር ይሄ ነው ያለን። በዚያ ለቅሶ መሐል..." ሓጂያ ፎቶውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠርዙን በጣታቸው ዳበሱ። 

ከዚያ፦ "ይበላ ነበር?"

"ራዲ? የኔን ድርሻ ሳይቀር ሓጂያ!" አለ ጋዝባን። "አንዴ ተምሬን በልቶ፣ የውስጡን ፍሬ ቆጥሮ በጥንቃቄ ኪሴ ውስጥ መለሰልኝ።"

ሓጂያ ሳቁ። ሲሃም እናቷን እንደማታውቃቸው አየቻቸው። ስለ ራዲ ሲወራ ሲስቁ ሰምታ አታውቅም፣ ሲሄድ ሕፃን ነበረች።

"የዚያኛው ልጅ እናትስ?" አሉ ሓጂያ ድንገት።

"የናዒም? ሞታለች። እህቱ ግን አለች፣ ናሲሪያ።"

"አሮጌውን ፎቶ ለእሷ ላኩላት። ያደበዘዝኩት እኔ ነኝ በሏት፣ ስስመው። ሳይሳም የዋለበት ቀን የለም በሏት።"

ሙዝሂር ውጭ ወጣ። ሲጋራ ላጨስ ነው አለ። ሲጋራ ካቆመ ቆይቷል።

ነሐሴ 12

ሓጂያ በራሳቸው ታክሲ ይዘው መጡ፣ ሲሃም ከኋላ እየተከተለች። የራዲን ጥግ ብቻ አጉልቼ አሳየኋቸው። ሙዝሂር ተሽቀዳደመ።

"ሓጂያ፣ እጁን ማንሳት እንችላለን። ፕሮግራሙ ከሥሩ ያለውን ፊት ይሞላዋል። የሲሃምን ፊት እናሳየዋለን፣ የአባቱንም። ቁርጥ ራዲን..."

"እጁን አንሥተህ?"

"አዎ።"

"እጁ የማን ነው?"

"የራሱ... የራዲ።"

"ታዲያ ምን አድርጎህ ነው የምታነሣው?"

መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ፣ መዳፉ ላይ አስደገፉ። ስክሪን የነካ ሰው ላይ የሚጮኸው ወንድሜ ወንበር አቀረበላቸው።

"ፊቱን ተዪው ልጄ" አሉኝ። "ይሄን አሳድጊልኝ።"

ሲሄዱ ለሙዝሂር ነገርኩት። ያልነበረ ዓይን፣ ያልነበረ አፍንጫ ከእንግዲህ አልሞላም። ሻጋታ፣ ጭረት፣ ስንጥቅ፣ እሱን ስጠኝ። ሌላውን ከፈለግህ አንተው ቁልፍህን ተጫን። "ይሄ ፎቶ ቤት ነው ጋራዥ?" ብሎ አጉረመረመ። ግን እምቢ አላለም። እኔም ሥራ ልተው ማለቴን አልደገምኩም። ድካሙ አለ። የዛሬው ግን እንቅልፍ የሚያመጣ ዓይነት ነው።

እጁን በትልቁ አተምኩት። አምስት ጣት፣ ዳር ዳሩ ብዥ ያለ። አውራ ጣቱ ላይ ጥቁር ነገር ነበር። ቆሻሻ መስሎኝ ብሩሹን አስጠግቼ ነበር። ሻይ ያፈላ ነበር ብሏል ጋዝባን... ለካ ጥቀርሻ ነው።

አልነካሁትም።