የሦስት ሺህ አይጦች ማስተባበያ

ለእታለሜ፣ ለታላቅ እኅቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም ስትነሺ የበሩን እጀታ ታማክሪያለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗን የሚያሳክካት ነገር ሐኪሙ እንዳለው ለቀቃት ወይ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ፣ ያ የሚያፈሰው ጣሪያችሁስ እንዴት ነው? እኔ ከናንተ ናፍቆትና ከእፍረት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። ናፍቆቱን ታውቂዋለሽ፤ ይህ ደብዳቤ ስለ ሁለተኛው ነው። እባክሽ ተቀምጠሽ አንብቢው፤ ቆመው የሚያነቡት ዓይነት አይደለም።

ባለፈው ደብዳቤዬ «ቁልቁለቱ ላይ ሦስት ሺህ አይጥ አገኘሁ፣ የጣቢያው ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። አንቺም እንደ ልማድሽ ለሰፈሩ በሙሉ እንዳነበብሽው አልጠራጠርም። ጎረቤታችሁ ፀጉር አስተካካዩማ እስካሁን ሰባት ሺህ አድርሷቸው ይሆናል። እንግዲህ በታላቅ ክብርና በዚያው ልክ በሆነ ውርደት የማስታውቅሽ፣ አይጦቹ ሃያ አራት መሆናቸውን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ይህ ጣቢያ ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ ላይ የተሠሩ አራት የእንጨት ቤቶች ነው፤ አንዱ መኝታ፣ አንዱ መመገቢያ፣ አንዱ ቤተ ሙከራ፣ አራተኛው የጭቃ ጫማ ማውለቂያ። በየክረምቱ መምህሩም ተማሪውም ለኮርስ ይመጣና አንዱ አበባ ይቆጥራል፣ አንዱ ወፍ ያዳምጣል፣ ሌላው ኩሬ ዳር ተንበርክኮ ውሃ በማንኪያ ሲጨልፍ ይውላል። ከሩቅ ላየን ሰው መርፌ የጠፋበት ሠርገኛ ነው የምንመስለው። ትምህርት ቤታችን እኔን የላከኝ፣ ሃያ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሮ አንድ ቀን እንኳ ሜዳ ያልወጣ ሰው ከኔ ሌላ ስላላገኘ ነው። ዋናው አስተማሪያችን አንገቱ ላይ ትንሽ የሽቦ ሚዛን አንጠልጥሎ ስለሚዞር «ዶክተር ሚዛን» ይሉታል። የቁርሱን እንቁላል ሳይመዝን አይቀርፍም ብለው ያሙታል።

ሥራ በዕጣ ተከፋፈለና ለኔ አይጥ ደረሰኝ።

እዚህ ላይ እንደሳቅሽ አውቃለሁ። አይጥን እንኳን በአካል በሥዕል እንደምፈራ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ስለ አጥቢ እንስሳት ሳስተምር አንዱን ገጽ «ይህንን ቤታችሁ አንብቡት» ብዬ የምዘለው ለምን እንደሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አብራኝ የተመደበችው የአንድ የእንስሳት ሐኪም ልጅ ናት፤ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ ዝምተኛ፣ እጇ ሥራ የለመደ። በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ እኔ ልያዛቸውና እርስዎ ይጻፉ፤ እኔ ከልጅነቴ የለመድኩት ነው» አለችኝ። እታለሜ፣ መዳኛዬ በእግሩ መጥቶ በሬን አንኳኳ። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ «ምን ማለትሽ ነው ልጄ፣ እኔ እዚህ ቆሜ አንቺን አይጥ ይንከስሽ?» አልኳት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በዚያው ቀረ።

ሥራው እንዲህ ነው። አመሻሹ ላይ አርባ የቆርቆሮ ሳጥኖች ቁልቁለቱ ላይ ይደረደሩና የለውዝ ቅቤ በአጃ ተለውሶ ይገባባቸዋል። አይጧ ልትበላ ስትገባ በሩ ይዘጋባታል። ጠዋት ማጅራቷን ይዘሽ ትመዝኛታለሽ፣ ወንድ ይሁን ሴት ታያለሽ፣ ጆሮዋ ላይ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ቁጥር ያለው የብረት ቀለበት አድርገሽ ትለቂያታለሽ። አምስት ቀን እንዲህ ቀለበት ሲደረግ ይቆያል። በሚቀጥሉት አምስት ቀናት ደግሞ ከሚያዙት መሐል ስንቶቹ ባለ ቀለበት እንደሆኑ ይቆጠራል። ባለ ቀለበቱ ከበዛ አይጡ ጥቂት ነው፤ እነዚያው ናቸው የሚመላለሱት። ባለ ቀለበት ከጠፋ ግን ተራራው አይጥ በአይጥ ነው ማለት ነው። ብልህ ዘዴ ነው። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀለበቱ በእውነት የአይጧ ጆሮ ላይ እንዲሆን።

እኔ ሳጥኑን ይዤ ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ እሄዳለሁ። ልጅቷ «ለምን እዚያ ድረስ?» ብትለኝ «እዚህ ነፋሱ ሚዛኑን ያወዛውዘዋል» አልኳት፤ ሳይንስ ይሏል ይህ ነው። እዚያ ዓይኔን ጨፍኜ በሩን እከፍታለሁ። አይጧ ወደ ቀኝ ትሮጣለች፣ እኔ ወደ ግራ። ልቤ ወደ ቦታው ሲመለስ ድምፄን እንደ ዳኛ ጎርነን አድርጌ «ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ወንድ፣ ሃያ ሁለት ግራም» እላለሁ። እሷ እታች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በዚያ ባማረ እጅ ጽሑፏ ትመዘግባለች። ቀለበቱን የመነጽሬ ማኅደር ውስጥ እጥለዋለሁ። በአምስት ቀን ስልሳ ቀለበት ገባበት፤ ስራመድ ኪሴ እንደ ቃጭል ያቃጭል ጀመር።

በሁለተኛው አምስት ቀን መቶ አይጥ ተያዘ። ጆሮው ባዶ ያልሆነ አንድም የለም፤ ከየት ይምጣ? ሌሎቹ ቡድኖች ግማሽ በግማሽ ባለ ቀለበት እያገኙ መሆናቸውን ስሰማ፣ ለወጉ ያህል ሁለት ከአፌ ፈጠርኩ። ዶክተር ሚዛንም ሰሌዳው ላይ ስልሳን በመቶ አባዛ፣ ለሁለት አካፈለ፣ ሦስት ሺህ አለ። ጭብጨባ ሆነ። ወጥ ቤቷ በመስኮቱ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ሦስት ሺህ ካሉ የኔን ዱቄት ምን ብለው ማሩት?» አለች፤ ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው መሐል የጠረጠረችው እሷ ብቻ ነበረች። ወጣቶቹ «ጋሼ ሦስት ሺህ» የሚል ስም አወጡልኝ። ላንቺ የጻፍኩልሽ ያን ዕለት ነው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ዶክተር ሚዛን ቁጥሩ አላስተኛው ብሎ በሦስተኛው ቀን ራሱ ሳጥኖቹን ይዞ ወጣ። ዐሥራ ስምንት አይጥ ይዞ በእጁ ቀለበት አደረገላቸው። በማግስቱ ሃያ ያዘ፤ ዐሥራ አምስቱ የራሱ ባለ ቀለበቶች ነበሩ። አስልቶ ሃያ አራት አለ። ምሳ ላይ ሁላችንም በተሰበሰብንበት መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና «ሃያ አራት አይጥ ስልሳ ቀለበት ቢከፋፈል፣ ለእያንዳንዷ ሁለት ሁለት ደርሷት ዐሥራ ሁለቱ ሦስተኛ ይጨመርላቸው ነበር። እኔ ያየኋቸው ግን ጌጥ የማያውቁ ምስኪኖች ናቸው» አለ። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

አሁን የማፍርበት ቦታ ላይ ደረስኩ። እስካሁን ያነበብሽው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃት ይቅር ይባላል። ዶክተር ሚዛን «ይህን የጻፈ ማን ነው?» ሲል ጽሑፉ የልጅቷ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ዓይኖች ወደ እሷ ዞሩ። እኔ ሾርባዬ ውስጥ አንዲት የካሮት ቁራጭ አገኘሁና በጥሞና መመርመር ያዝኩ። ዝም ብል እንኳ ግማሽ ሰው እሆን ነበር። ዝም አላልኩም። «ቀለበቱንና መቆንጠጫውን የምታቀብለኝ እሷ ነበረች፤ ምናልባት በደንብ ያልጠበቀ ይሆን?» አልኩ። ምናልባት የምትለው ቃል እንዴት ያለች የክፉ ሰው አገልጋይ እንደሆነች ያን ቀን አየሁ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ «እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ጣቷንም ወደኔ አልቀሰረችም። የጣቢያው ደንብ መዝገቡን የጻፈ ይጠየቃል ይላል። ስለዚህ ከኮርሱ ተሰርዛ፣ ሐሙስ ስንቅ ይዞ በሚመጣው መኪና እንድትመለስ ተወሰነ። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የዚህን ኮርስ ውጤት እንደምትጠብቅ እኔ አውቅ ነበር፤ ቋጥኙ ሥር ቁርሳችንን ስንበላ በገዛ አፏ ነግራኛለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ። እዚህ እኮ አይጧም ምንም አላደረገች።

በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ሙከራው ጀርባ ሳጥኖቹን ስታጥብ አገኘኋት። የተሰረዘ ሰው ምን ቤት ነኝ ብሎ ይተወው ነበር፤ እሷ ግን አርባውንም አንድ በአንድ በብሩሽ እየፈተገች ፀሐይ ላይ ትደፋለች። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳምጥ፣ ቀና ሳትል «ጋሼ፣ አይጥ ይፈራሉ አይደል?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች። «ሌሊቱን ሳስበው ነው የገባኝ። ታዲያ ምን አለበት? አባቴም ዶሮ ይፈራል፤ የዶሮ በሽተኛ ሲመጣ እናቴ ናት የምትይዝለት። ቢነግሩኝ ኖሮ እኔ እይዛቸው ነበር» አለች። ሽሙጥ ቢኖርበት እችለው ነበር። የለበትም። ውሃው ባልዲዋ ውስጥ አለቀና ልትቀዳ ሄደች።

እኔ ማኅደሩን ይዤ በቀጥታ ዶክተር ሚዛን ዘንድ ገባሁ። ስልሳውን ቀለበት ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩለት። ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? መዘነው። «ዐሥራ ሁለት ግራም» አለ፣ «ከአንዲት አይጥ ያንሳል። መምህር፣ ይቺን ነው መሸከም ያቃተዎት?» ይቅርታ ልለው ስል በእጁ ከለከለኝና «በሰው ፊት የተባለ ነገር ሰው በሌለበት አይነሣም» አለኝ።

ስለዚህ ምሳ ላይ ተነሣሁ። አይጥ እንደምፈራ፣ አንዲት እንኳ እንዳልነካሁ፣ ክብደቱንም ፆታውንም ከራሴ እንደፈጠርኩ፣ በመጨረሻም የራሴን ጥፋት በልጅቷ ላይ እንደደፋሁ ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ በወደድኩ። ልጅቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ሁለቱ ባለ ቀለበቶችስ?» አለች። እነሱም ውሸት ናቸው አልኳት። መዝገቡን ከፍታ እያንዳንዱን ገጽ በማስመሪያ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው። ዐሥር ገጽ ነው። የማስመሪያው ድምፅ እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ ልትለኝም አይገባም። ከሰዓት በኋላ የታጠቡትን ሳጥኖች ተሸክማ ወደ ቁልቁለቱ ወጣች። ቦታዋ ተመልሶላታል። በሐሙሱ መኪና የምሄደው እኔ ነኝ፤ የምስክር ወረቀትም አይኖርም። ሻንጣዬ አጠገቤ ነው።

እታለሜ፣ ሰፈር ውስጥ «ምን ሆኖ ቶሎ ተመለሰ?» ሲሉሽ ከፍታው አልተስማማውም እንዳትያቸው። እንዲህ እንደምትይ ስለማውቅ ነው። ያችን ልጅ «የሰማሁትን ነው የጻፍኩት» ብላ ዝም ስትል ሳያት ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን ብዕር ስነክስ ከርሜአለሁ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ አንቺ ዐሥራ አንድ። የእማዬ ስድስት ብርጭቆዎች ከነመደርደሪያቸው ወለሉ ላይ ነበሩ፤ አንቺ መጥረጊያ ይዘሽ ቆመሻል፤ እማዬ ገብታ «ማነው?» ስትል እኔ አንቺን አየሁ። አንቺም አየሽኝና ዝም አልሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስምሽ «ሰባብሬ» ሆነ። አባታችን «ሰባብሬ» እያለሽ ሞተ። ይባስ ብዬ በሠርግሽ ቀን ንግግር ሳደርግ ለሙሽራው «ብርጭቆህን ደብቅ» ብዬ ሰውን ያሳቅሁት እኔው ነኝ። አንቺም አብረሽ ሳቅሽ። እኔ ያን ሳቅሽን እንዴት እንደቻልኩት አላውቅም።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ልብስ ሰፊ እንደመሆኑ ለኔ ኮት መለካት ቢጀምር ትከሻውን እንዲያጠብበው ንገሪው፣ ያ የነፋሁት ደረት የለም። ለትንሹ ልጅሽ ላመጣለት ቃል የገባሁት የአይጥ ፎቶ የለኝም፤ ለምን እንደሌለኝ ራሴ እነግረዋለሁ። ፀጉር አስተካካዩንም ሰላም በዪው፤ ቁጥሩን ያስተካክል።

ይህን ደብዳቤ ለእማዬ የምታነቢላት አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። እዚህ ስትደርሺ ሳል ሊይዝሽ፣ መነጽርሽ ሊጠፋብሽ እንደሚችልም አውቃለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ትልቋ ልጅሽ ታንብብ። የኔ እመቤት፣ ጮክ ብለሽ፣ ምንም ሳትዘዪ።

እማዬ፣ ልጅሽ ነኝ፤ እንደምን ከርመሻል? ስድስቱን ብርጭቆ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ስኳር ልወስድ መደርደሪያው ላይ ተንጠለጠልኩና ተገነጠለ። እኅቴ በጩኸቱ ነው የመጣችው፤ ከመጥረጊያው በቀር የነካችው ነገር አልነበረም። እኔ ብናገር ትመቺኛለሽ ብዬ ፈራሁ፣ ከዚያ ዘገየ፣ ከዚያ ቀልድ ሆነ። እማዬ፣ ዛሬ ሻይ ሲቀርብ «ተዪው አንቺ፣ ይሰበራል» እንዳትያት። ብርጭቆሽን ከእጇ ተቀበዪ።

ወንድምሽና ልጅሽ

ከተራራው ጣቢያ፣ ከመኝታ ቤቱ የበሩ አጠገብ አልጋ
ረቡዕ፣ ሐምሌ 23 ቀን