አባቴ አንብበው ስላልጨረሱት ፊልም

ለክቡር አቶ ሚልኪያስ
የዘመን አሻግር ኤሌክትሮኒክስ መደብር ሥራ አስኪያጅ
ሐረር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአላህ ሰላም በእርስዎ፣ በቤተሰብዎና ዘወትር በሚያብረቀርቀው የመደብርዎ መስታወት ላይ ይሁን እያልኩ ስለ ጤናዎ በትሕትና እጠይቃለሁ። በተለይ የጆሮዎ ጤና ያሳስበኛል፤ የሚሰማ ጆሮ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ የእኛ ቤት ያውቀዋልና። ይህን በአደባባይ መጻፌንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በአካል በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለምባል፣ ምናልባት ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ያነብልዎ ይሆናል ብዬ ነው።

ካላስታወሱኝ ናዝራ እባላለሁ። አባቴ ዐብዱናስር መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው የህንድ ፊልም መጣ ከተባለ መቀሳቸውን ጥለው ይሮጡ ነበር አሉ፤ ከዚያም ሳምንቱን ሙሉ ዘፈኑን በስፌት መኪናቸው ምት እያንጎራጎሩ ደንበኛ ሲያስቁ ይሰነብታሉ። ኋላ ሕመም ጆሯቸውን ወሰደባቸው። ደንበኛ ያለውን ባለመስማታቸው አንድ ሁለት እጅጌ አሳጥረው ሰፉ፤ ሰው ሲስቅም በእርሳቸው የሚስቅ እየመሰላቸው ሱቃቸውን ዘግተው ቤት ገቡ። ቤት ገብተውም ዝም አሉ።

ዝምታቸው ሲከብደኝ፣ በቤታችን አሮጌ ኮምፒውተር የህንድ ፊልም እየከፈትኩ፣ የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ከምስሉ ሥር መጻፍ ጀመርኩ። አባቴ የመጀመሪያውን ፊልም ሲያዩ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። እናቴ ሐሊማ ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ አባቴ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብለው ያነቡላቸው ጀመር። የማይሰማ ሰው የድምፁን ልክ አያውቅምና የጀግናውንም፣ የወንበዴውንም፣ የሙሽራይቱንም ንግግር በአንድ ነጎድጓድ ድምፅ ነበር የሚያነቡት። ግቢያችንን የሚጋሩት ጎረቤታችን ሳዳ በማግስቱ ልብስ እያሰጡ እናቴን፣ «ቆይ፣ ልጅቷን መጨረሻ ላይ ለማን ዳሯት? እንቅልፍ ወስዶኝ አመለጠኝ» ብለው ይጠይቁ ነበር። ዓመታት ዝም ያለው ቤታችን እንዲህ ሆኖ አፍ አወጣ።

ችግሩ ስክሪኑ ትንሽ መሆኑ ነበር። አባቴ ዓይናቸውም እየደከመ ስለመጣ አፍንጫቸውን አስጠግተው ካላነበቡ አይታያቸውም። እናቴ አንድ ቀን፣ «ናዝራዬ፣ በዚህ ፊልም ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ለምንድን ነው የአባትሽ ማጅራት ያለው?» አሉኝ። ተሳሳቅን፤ ቴሌቪዥን እንግዛ የተባለውም ያን ጊዜ ነው።

እነሆ አንደኛው ምስጋናዬ። አባቴን ይዤ መደብርዎ ስመጣ የኮምፒውተሩን ገመድ በእጄ ይዤ ነበር። ጥግ ላይ ከቆመው አቧራ የለበሰ ቴሌቪዥን ጀርባ ሰክቼ ሞከርኩት፤ ልክክ አለ። «ይሄን እንወስዳለን» ስልዎት እርስዎ በታላቅ ርኅራኄ፣ «እሱማ አሮጌ ነው እኅቴ፤ ስማርቱን ውሰጂ» አሉኝ። ይህን ገመድ ይቀበል እንደሆነ ጠየቅሁ። «የማይቀበለው ነገር የለም!» አሉ፤ ሪሞቱን አንስተውም ድምፁን እስከ ጣሪያ ከፍ አድርገው ወደ አባቴ ዞሩ፦ «አባባ፣ እስቲ ይስሙት!»

እንደማይሰሙ ነገርኩዎት። ያን ጊዜ የመለሱልኝን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦ «ታዲያ ለማይሰማ ሰው ምን ያስጨንቅሻል? ሥዕሉ ከተንቀሳቀሰ በቂው ነው።»

አባቴ ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ አይተው «ምን አለ?» አሉኝ። መዳፋቸው ላይ በጣቴ፣ «ይባርክላችሁ አለ» ብዬ ጻፍኩላቸው። ወዲያው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ መደብሩ ሁሉ እስኪዞር ድረስ በዚያ በትልቁ ድምፃቸው ለእርስዎ፣ ለልጆችዎና ለንግድዎ ዱዓ አደረጉ። «አሚን» ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እርስዎ ስልክ እያወሩ ነበር።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ካርቶኑን ይመለከታል። ቃልዎን አምነን ስማርቱን ገዛን፤ መኪና በማይገባበት የጀጎል መተላለፊያ ጎረቤት ተሸክሞልን፣ ነደባ ከምንለው የቤታችን መደብ ትይዩ ሰቀልነው። የኮምፒውተሩ ገመድ የሚገባበት ቦታ ግን ከፊትም ከኋላም ታጣ። በነጋታው ተመልሼ ጥግ ላይ በቆመው እንዲቀይሩልኝ ለመንኩ፤ «ካርቶኑ ተከፍቷል» አሉኝ። ሳልከፍተው መሰኪያ እንደሌለው በምን ማወቅ እችል እንደነበረ ብጠይቅ «እሱ የአንቺ ጉዳይ ነው» ብለው አስተማሩኝ። ከዚያ አዘኑልኝና ገመዱን ከአዲሱ ቴሌቪዥን ጋር የሚያገናኝ መቀየሪያ ከድሬዳዋ እንደሚያስመጡ ቃል ገቡ፦ «በሚቀጥለው ሳምንት፣ ኢንሻአላህ።»

ክቡርነትዎ የእኛን ቃል መዋስዎ አኩርቶኛል። እኛ ኢንሻአላህ የምንለው ልናደርገው አስበን አላህ ካልፈቀደ እንደማይሆን ስለምናውቅ ነው። እርስዎ ግን ሳያስቡት ቀርተው ምክንያቱን ወደ ላይ ለማሳለፍ እንደሚጠቅምም አሳዩን። ሌሎች ሱቆችም ጠየቅሁ፤ ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል አሉኝ።

ሦስተኛውን ነገር ግን ምስጋና ብዬ ልቆጥረው አልቻልኩም። እንዳለ እነግርዎታለሁ።

አባቴ ቴሌቪዥኑ በመጣ ሰሞን ደስታ ይዟቸው ሳዳንና የግቢውን ሴቶች ለፊልም ጠርተዋቸው ነበር። ሴቶቹ መጥተው ነደባው ላይ ተደረደሩ። መቀየሪያው ስላልመጣ እኔ አዲስ የጨረስኩትን ፊልም በፍላሽ አድርጌ ሰካሁት። ምስሉ አማረ። ከሥሩ ግን በአማርኛ ፊደል ፋንታ የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች መጡ፤ ቴሌቪዥኑ የእኛን ፊደል አያውቅም። አባቴ ሳጥኖቹን ትክ ብለው አዩና «ናዝራ፣ ይህ የማን አገር ፊደል ነው?» አሉኝ።

ላጠፋው ስነሣ እጄን ያዙኝ። «ሰው ጠርቼ በባዶ አልመልስም» አሉና ሳጥኖቹን ማንበብ ጀመሩ። ከራሳቸው እየፈጠሩ ነበር። የተዋናዮቹን ፊት እያዩ፣ ለሚያለቅሰው የልቅሶ፣ ለሚቆጣው የቁጣ ቃል እየሰጡ አንድ ሙሉ ፊልም ከልባቸው አወጡ። ሴቶቹ ሳቁ፤ አለቀሱም። እኔ ትክክለኛውን ታሪክ አውቀዋለሁ፦ ያለ ፈቃዱ ያገባችው ልጁ ደጁ ላይ ቆማ ስትለምነው አባትየው «እኔ ልጅ የለኝም» ብሎ ፊቱን ያዞራል። አባቴ ግን ያን ፊት አይተው፣ «ግቢ ልጄ፣ ያዞርኩት እንባዬን እንዳታዪ ነው» ብለው አነበቡት።

ሲያልቅ ልብሳቸው በላብ ርሶ ነበር። ሴቶቹ ከወጡ በኋላ ቀስ ብለው፣ «መቀየሪያው ሲመጣ እውነተኛውን እናየዋለን። የኔን ብዙ አትመኑት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ወደ መደብርዎ የተመላለስኩት ለዚያ ነበር። ሳምንታት አለፉ። አባቴ ሳል ያዛቸው፤ ሳሉ ወደ ሳንባቸው ወረደ። ሐኪም ቤት ተኝተው ሳለ የሚጠይቁኝ «መጣ?» ብቻ ነበር። እኔም ከእርስዎ የተማርኩትን ቃል መዳፋቸው ላይ እጽፍላቸው ነበር። አንድ ጁምዓ ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ አረፉ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ እርስዎ ነበሩ፦ «እኅቴ፣ ደስ ይበልሽ፣ ዕቃሽ ገብቷል!» ወስጄዋለሁ። አውራ ጣት የምታህል ነገር ናት። ሐዘንተኛው ሲበተን ሰካኋት፤ ሠራች። ፊደሎቹ ነጭ፣ ትልልቅ፣ ከደጃፉ ቆሞ እንኳ የሚነበቡ ነበሩ። እናቴ ከነደባው ላይ «አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ። «ድምፅሽ አይሰማም» አሉ፤ ጆሯቸው ደኅና ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩ። አባትየው ደጁ ላይ ፊቱን ሲያዞር፣ እንደተጻፈው «እኔ ልጅ የለኝም» ስል እናቴ ተቆጡ።

«እንደሱ አላለም! አባትሽ እንደዚያ አይደለም ያነበበው።»

በማግስቱ የራሴን ዓረፍተ ነገር ከኮምፒውተሩ ላይ አጥፍቼ የአባቴን ጻፍኩበት። እንዲህ ሆኖ ያመለከትኩት የቴክኒክ ችግር ሙሉ በሙሉ መፈታቱን በታላቅ አክብሮት አረጋግጥልዎታለሁ።

መደብርዎ ይስፋ፤ ደንበኛዎ ይብዛ፤ ከደንበኞችዎም ሁሉ ዕቃቸው እስኪመጣ በሕይወት የሚቆዩትን አላህ ያብዛልዎ።

ፍጹም ታዛዥዎ
ናዝራ ዐብዱናስር
ከኤረር በር ውስጥ፣ ጀጎል

ማስታወሻ፦ ትናንት በአባቴ ስልክ ከመደብርዎ መልእክት ደርሶናል። «ውድ ደንበኛችን ዐብዱናስር፣ በአገልግሎታችን ረክተዋል? አስተያየትዎን ይላኩልን» ይላል። ስለ መልሱ አይቸኩሉ። አባቴ ሁላችንም በምንጠየቅበት ቀን ራሳቸው ይነግሩዎታል፤ ያን ቀን ደግሞ ይሰማሉ።